ጋሊሊዮ በቤዛዊት ቁልቁለት

ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር ውስጥ በሰዓት ሒሳብ ሳይክል የሚያከራዩን አንድ ጋሼ ነበሩ። ከተማው ሜዳ ነውና እንደ ልባችን እንድንነዳ፣ ካሻንም ጓደኛ እንድናፈናጥጥ ይፈቅዱልን ነበር። አጥብቀው የሚከለክሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለት ሆናችሁ ከቤዛዊት ኮረብታ እንዳትወርዱ» ይሉናል። ለምን ስንላቸው ማብራሪያ አያበዙም። «ቁልቁለት ላይ ክብደት ይገፋል» ይሉና ወደ ካቴናቸውና ወደ ግራሷቸው ይመለሳሉ።

እኛ ደግሞ ተማሪዎች ነን፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከሳይክል አከራይ አንቀበልም። የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅናቸው። «ተረት ነው» አሉን በሙሉ ልብ፤ «ጋሊሊዮ የዛሬ አራት መቶ ዓመት የዘጋው ነገር ነው፤ ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወርዳል።» በዚያው ቅዳሜ እኔ ከፊት፣ ጓደኛዬ ከኋላ ሆነን ከቤዛዊት ወረድን። ፍሬን የያዝኩት ብቻዬን ስወርድ ሁልጊዜ የምይዝበት ቦታ ላይ ነበር። ሳይክሉ ግን ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ አልቆመም። ማረፊያችን ቦይ ሆነ፤ የጓደኛዬ ክንድ በጀሶ ታሰረ፣ የእኔ ጉልበት እስከ ዛሬ የማይጠፋ ምልክት ያዘ። ጋሼ የተጣመመውን ቸርኬ አስከፈሉን እንጂ አንድም ቃል አልተናገሩንም።

ዛሬ ክርክሬ ከእኚያ መምህር ጋር አይደለም፤ የነገሩንን ከእሳቸው መምህር ተቀብለው ነው። ክርክሬ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ነው። «ክብደት ቁልቁለት ላይ ለውጥ አያመጣም» የሚለው አባባል የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ያልተማረው ደግሞ የሚሸማቀቅበት እውነት ሆኖ ቆይቷል። ወፍራሙ ጋላቢ ፔዳል ሳይመታ ቀጭኑን ጥሎት ሲያልፍ በዓይናችን እያየን እንኳ ምክንያት እንፈልግለታለን፦ ጎማው አዲስ ነው፣ ኩሽኔታው ግራሶ ጠጥቷል፣ ሰውየው ልበ ደፋር ነው። ያየነውን ላለማመን የማንሄድበት መንገድ የለም። እኔ የምለው ግን ያየነው ልክ ነው። ፔዳል ሳይመታ በሚወረድ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ከባዱ ይቀድማል። እንዲያውም የሚቀድምበት ምክንያት በዚያው በጋሊሊዮ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ከሥሩ እንነሣ። ከጋሊሊዮ በፊት የነበረው ትምህርት ከአርስቶትል የወረደ ነው፤ አሥር እጥፍ የከበደ ነገር አሥር እጥፍ ፈጥኖ ይወድቃል ይላል። ጋሊሊዮ ይህንን አፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ1638 ላይደን ከተማ በታተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በጻፈው መጽሐፉ ያስተማረው ግን መምህራችን የነገሩንን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እሱ ያለው፣ ምንም የሚከላከል ነገር በሌለበት ባዶ ስፍራ ሁሉም አካል እኩል ይወድቃል ነው። «ባዶ ስፍራ» የምትለዋን ቃል ጥለን የቀረውን ይዘን ዞርን። ግማሽ ጎፈሬ፣ ግማሽ ልጩ ሆነ።

ቃሏ ምን ያህል እንደምትመዝን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1971 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የጭልፊት ላባ ይዞ እኩል ለቀቃቸው፤ እኩልም መሬት ነኩ። መላው ዓለም በቴሌቪዥን አየ፣ ጋሊሊዮም ተመሰገነ። ይህ የተደረገው ግን ጨረቃ ላይ ነው። እዚያ የተደረገውም ጨረቃ አየር ስለሌላት ነው። ያንኑ መዶሻና ላባ ከሰገነትዎ ላይ ቢለቁ ላባው ገና ሲንሳፈፍ መዶሻው ደርሶ የጎረቤትን ጣራ ይበሳል። ታዲያ በጨረቃ የተመሰከረውን ሕግ እንዳለ ወስዶ ነፋስ ፊቱን እየገረፈው ለሚወርድ ባለ ሳይክል መፍረድ ምን ይባላል?

ከቁልቁለት በሚወርድ ሳይክል ላይ ሁለት ነገሮች ይታገላሉ። አንደኛው ወደ ታች የሚጎትተው ስበት ነው። ስበት የሚጎትተው በክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ የሆነ እጥፍ ይጎተታል። ይሁንና እጥፍ የከበደውን ለማንቀሳቀስም እጥፍ ኃይል ያስፈልጋልና ትግሉ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መምህራችን በረቱ ነበር፤ ሁለቱ ይጣፉና ሁሉም እኩል ይወርዳል። ሁለተኛው ታጋይ ግን አየር ነው። አየር ደግሞ ሚዛን የለውም። ከፊቱ የመጣው ሰው 50 ኪሎ ይሁን 100 አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ምን ያህል ስፋት ይዘህ መጣህ፣ በምን ያህል ፍጥነት መጣህ ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊያ አራት እጥፍ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። ከነሳይክሉ 80 ኪሎ የሚመዝን፣ ቀና ብሎ የተቀመጠ ሰው 5 በመቶ ባዘቀዘቀ አስፋልት ላይ ይውረድ። ስበት በ4 ኪሎ ያህል ኃይል ይጎትተዋል፤ ከዚያ ላይ ጎማው ግማሽ ኪሎ ያህሉን ይበላና 3 ኪሎ ተኩል ይቀራል። በባሕር ዳር አየር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ ወደ ኋላ የሚገፋው በ200 ግራም ገደማ ነው፤ አይታወቀውም። በ20 ኪሎ ሜትር ከ700 ግራም ያልፋል። በ40 ኪሎ ሜትር 3 ኪሎ ይሞላል። በ43 ኪሎ ሜትር ላይ ገፊና ጎታች እኩል ይሆናሉ፤ ቁልቁለቱ ምንም ያህል ቢረዝም ከዚያ በላይ አይፈጥንም።

ለዚያው ሰው 30 ኪሎ እህል ኮርቻው ኋላ ከጀርባው ሳይወጣ እንጫንለት። ፊት ለፊት የሚያሳየው ስፋት ስላልተለወጠ አየሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ስበት ግን አውቋል፤ አሁን ከጎማው ድርሻ የሚተርፈው መጎተቻ 5 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ ገፊና ጎታች የሚተካከሉት በ43 ሳይሆን በ50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሰውየው ፔዳል አልመታም፣ ልቡም አልደፈረም፣ ኩሽኔታውም አልተቀየረም። ልዩነቱን ያመጣው ጭነቱ ብቻ ነው።

«እኛ ሞክረን አይተናል፤ ልዩነት የለም» የሚሉ አሉ። አምናቸዋለሁ። የሞከሩበትን ቦታ ግን ልጠይቃቸው። ቁልቁለቱ 50 ሜትር ከሆነ፣ በዚያው ስሌት 80 ኪሎው ታች ሲደርስ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር፣ 110 ኪሎው ደግሞ 22 ከግማሽ ገደማ ይሄዳል። ይህን ልዩነት በዓይን የሚለይ ሰው የለም። በ200 ሜትር ላይ 36 እና ከ38 በላይ ይሆናሉ፤ መጠራጠር ይጀመራል። በአንድ ኪሎ ሜትር ላይ 43 እና 50 ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ሲነሡ እኩል ናቸው፤ ምክንያቱም በዝግታ ሲኬድ አየር ብዙ አይጠይቅም፣ ጋሊሊዮም ያኔ ልክ ነው። እየፈጠኑ ሲሄዱ ነው መንገዳቸው የሚለያየው። በግቢ ውስጥ በምትገኝ አጭር መወጣጫ ላይ ተሞክሮ ለሊማሊሞ ቁልቁለት የሚበየነው ብይን ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ተከራካሪዎቼ የሚያነሡት ሁለተኛ ነገር ጎማ ነው። ከባድ ሰው ጎማውን ይበልጥ ይጨፈልቃል፣ ስለዚህ መንገዱ ይይዘዋል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጨፈልቃል። ነገር ግን የጎማው መያዝ የሚያድገው በክብደቱ ልክ ነው፤ የስበቱም መጎተት የሚያድገው በዚያው ልክ ነው። ሁለቱ አብረው አድገው አብረው ይጣፋሉ፤ ከባዱን የሚጎዳ የተለየ ዕዳ አይተርፍም። ጎማው አየር ካነሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ጎማውን ያልነፋው ሰው እንጂ ክብደት አይከሰስ። ኩሽኔታና ግራሶን በተመለከተ፣ ያልዛገ ኩሽኔታ የሚበላው ነፋስ ከሚበላው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። በ43 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚወርደው ሰውዬ በየሰከንዱ ወደ 6 ኪሎ የሚጠጋ አየር ከፊቱ ይጠርጋል። ይህን ሁሉ አየር ረስቶ ስለ ኩሽኔታ መጨቃጨቅ ዝሆን ያለፈበትን ሜዳ ትቶ የጉንዳን ዱካ መፈለግ ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉም የበረታ ነው፤ እሱን ከመለስኩ በኋላ እኔም የራሴን ወገን መገሠጽ ይኖርብኛል። «ወፍራም ሰው እኮ ሰፊ ነው፤ የሚገፋው አየርም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ያገኘውን መልሶ ይከፍላል» ይባላል። ይከፍላል፤ ግን ሙሉውን አይከፍልም። አንድ አካል ቅርጹን ሳይለቅ ሲተልቅ ክብደቱ ከስፋቱ ይቀድማል። በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ የሆነ ድንጋይ ፊቱ አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አቧራ የሚንሳፈፈው፣ ከዚያው ዐለት የተፈለጠው ድንጋይ የሚወረወረው ለዚህ ነው። አይጥ ከፎቅ ወድቃ ተነሥታ ስትሮጥ በሬ የማይተርፈውም ለዚህ ነው። ይህንን ያስተማረ ማን ነው? ራሱ ጋሊሊዮ ነው፤ በዚያው በ1638ቱ መጽሐፍ፣ ትንንሽ አካላት በአየር ውስጥ ለምን እንደሚዘገዩ ሲያስረዳ። በስሙ የሚምሉት ሰዎች ገጹን ገልጠው ቢያነቡለት ኖሮ እኔ ዛሬ ባልጻፍኩ ነበር።

በሰው ስንተረጉመው እንዲህ ይሆናል። 60 ኪሎና 90 ኪሎ የሚመዝኑ፣ አንድ ዓይነት ቅርጽና አንድ ዓይነት አቀማመጥ ያላቸው ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ በምትመዝን ሳይክል ላይ ናቸው እንበል። የከባዱ ክብደት ከነሳይክሉ በ43 በመቶ ይበልጣል፤ የፊት ስፋቱ ደግሞ በ31 በመቶ ያህል። የሁለቱ ልዩነት በፍጥነት ሲመነዘር 4 በመቶ ግድም ይሆናል። ቀላሉ በ43 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ከባዱ 45 ሊሞላው ይደርሳል። ትንሽ ነው። ግን በ5 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላይ ከ15 ሰከንድ በላይ ነው፤ በውድድር ዓለም 15 ሰከንድ ስንት እንደሚያወጣ ባለ ሙያ ያውቃል።

እዚህ ላይ ነው ለሰፈሬ ሰዎች የምናገረው። «ከባድ ስለሆነ ፈጠነ» የሚሉት ያዩት ልክ ቢሆንም ምክንያታቸው ሙሉ አይደለም። የሚወስነው ክብደት ለብቻው አይደለም፤ ክብደት ለፊት ስፋት ሲካፈል ነው። ጭነቱ ከጀርባ ተደብቆ ሲጫን ሙሉ ጥቅሙን ይሰጣል፤ በሥጋ ሲጨመር አብዛኛውን አየር ይወስደዋል፤ እንደ ሰፊ ቅርጫት ከግራና ከቀኝ ተንጠልጥሎ ሲጫን ጭራሽ ሊያዘገይ ይችላል። ማካፈል ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን ቁጥር መቀነስም ይቻላል። ያው 80 ኪሎው ሰው ክርኑን አጥፎ፣ ደረቱን ወደ መሪው አስጠግቶ ቢያጎነብስ ፍጥነቱ ከ43 ወደ 50 ይሻገራል። ሰላሳ ኪሎ እህል የሰጠውን ጎንበስ ማለት በነጻ ሰጠው ማለት ነው።

የፈረንሳይ ዙር የሳይክል ውድድር ታሪክ ሁለቱንም አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. የ1947ቱ አሸናፊ ዣን ሮቢክ ትንሽዬ ሰው ነበር፤ ዳገት ላይ የሚያህለው ጥቂት፣ ቁልቁለት ላይ ግን ግዙፎቹ የሚቀድሙት። በኋላ ዳገቱን ወጥቶ ሲጨርስ እርሳስ የተሞላ ኮዳ ተቀብሎ ከብዶ ይወርድ እንደነበር እስከ ዛሬ ይተረካል። የሮቢክን ብልሃት የሚተርከው ሰው ሁሉ ቁምነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ክብደት ቁልቁለት ላይ ለውጥ እንደማያመጣ በሙሉ ልቡ የሚያምን ሰው ከሆነ ግን ቀልዱ እንኳ ሊገባው አይገባም ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 ቀጭኑ ክሪስ ፍሩም ከፔይረሱርድ ተራራ ወደ ሉሾን ሲወርድ ከኮርቻው ወርዶ በሳይክሉ አግዳሚ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን ከመሪው በላይ ደፍቶ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ፤ የዕለቱን ውድድርም ቢጫውን ማልያም ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ሳይክል ማኅበር አግዳሚው ላይ መቀመጥን ለደኅንነት ሲል ከለከለ። ሮቢክ ከላይ ያለውን ቁጥር ጨመረ፣ ፍሩም ከታች ያለውን ቀነሰ፤ የሠሩበት ሒሳብ አንድ ነው።

ከባድ ሰው በዚህ ተደስቶ ምሳውን እንዳይደርብ አንድ ነገር ላክል። ቁልቁለት ያበደረውን ዳገት በወለድ ይቀበላል። ስትወርድ ያተረፍካት ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ስትወጣ እያንዳንዷ ኪሎ ከእግርህ ጉልበት ትወጣለች፣ መውጣት ደግሞ ከመውረድ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ተራራ የሚወጡት ሻምፒዮኖች የሚከሱት ፊዚክስ ስለማያውቁ አይደለም።

«ታዲያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢጨምር ባይጨምር ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ፍሬን ነው። ብቻዬን 80 ኪሎ ስወርድ የመጨረሻው ፍጥነቴ 43 ነው። ጓደኛዬን አፈናጥጬ 140 ኪሎ ስንሆን፣ እሱ ከጀርባዬ ተከልሎ ለአየሩ ብዙም አልታየምና፣ ፍጥነቱ ወደ 57 ይደርሳል። ለማቆም መጥፋት ያለበት ጉልበት ደግሞ ከክብደትም ከፍጥነትም ይሰላል፤ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ይባዛል። ክብደታችን የጨመረው በ75 በመቶ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ትንንሽ የፍሬን ላስቲኮች እንዲያጠፉ የሚጠበቅባቸው ጉልበት ግን ሦስት እጥፍ ሆኗል። እጄ ያው የልጅ እጅ ነው፣ የፍሬኑ ሽቦ ያው ነው። በቦዩ ውስጥ ያገኘነው ይህንን ሒሳብ ነው።

በደጋ አገር መኖራችን ነገሩን ያብሰዋል። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር አንድ ኪሎ አይሞላም፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። ያ 43 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ምጽዋ ዳር ባለ ተመሳሳይ ቁልቁለት ላይ 39 ባልሞላ ነበር። ቆላ የሚሰጠውን ፍሬን ደጋ ይነፍገዋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ባለ ሳይክል ፍሬን ይዞ ቀስ ብሎ ቢወርድ፣ 80 ኪሎው ቸርኬውና ላስቲኩ ላይ የሚጥለው ሙቀት ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ያፈላል፤ 110 ኪሎው ሦስት ሊትር ያህል። «ክብደት ለውጥ አያመጣም» እያለ የሚሸኘው ሰው አንድ ሊትር የፈላ ውኃ ደብቆበታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። በክፍል ውስጥ «እኩል ይወድቃል» ሲባል «አየር በሌለበት» የምትለዋ አትዘለል፤ እሷ ስትዘለል የቀረው ለቁልቁለት ሐሰት ነው። ጭነት ወይም ሰው ይዞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ብቻውን ሲሆን ከሚይዝበት እጅግ ቀድሞ ይያዝ፤ ፍጥነት ከተሰበሰበ በኋላ ሳይሆን ከመሰብሰቡ በፊት። የተማረ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያየውን ከመካዱ በፊት የሚጠቅሰውን ሕግ እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ጋሼ ጋሊሊዮን አላነበቡም። ያነበቡት የተመለሱላቸውን ሳይክሎች ነው፦ አንድ ሰው ይዞ የወረደው ላስቲኩ ደህና ሆኖ ሲመጣ፣ ሁለት ይዞ የወረደው ላስቲኩ አልቆ፣ አንዳንዴም ቸርኬው ተጣሞ ሲመጣ። ከዓመታት በኋላ ሒሳቡን ጨርሼ ልነግራቸው ሄድኩ። ሦስት እጥፍ መሆኑን ስነግራቸው በግራሶ የራሰ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እኔ እኮ ሁለት እጥፍ ብቻ ነበር ያስከፈልኳችሁ» አሉኝ።